ወሎ ሰፈር ሳይደርሱ የሚቆሙ መጻሕፍት

ስለ አዲስ አበባ የተጻፈ መጽሐፍ የለም ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አባባሉ እውነት አይደለም። አለ፤ ያውም ጥቂት አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ እርሱን ለመናገር ግን መጻሕፍቱን አንሥቶ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ከምኖርበት ከወሎ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «አዲስ የገቡ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት መደርደሪያ አለ። በቅርቡ ግማሽ ያህሉ ስለ ከተማችን ኑሮና ባህል በሚያወሱ መጻሕፍት ተሞልቶ አገኘሁት። «አዲስ» የተባሉት ለቤተ መጻሕፍቱ ነው እንጂ መጻሕፍቱስ ሰንብተዋል፤ ከታተመ ሃያ ዓመት ያለፈውም አለበት። ይህን ለወቀሳ አላነሣሁትም። የአብዛኞቹ ገጽ ገና እጅ አልነካውምና ለአንባቢ አዲስ ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ አነበብኳቸው። እነሆ ያገኘሁትንም ያጣሁትንም አቀርባለሁ።

በታሪኩ ልጀምር። የፒተር ጋሬትሰን የአዲስ አበባ ታሪክ በእንግሊዝኛ የተጻፈና እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን አገር የታተመ ጥናት ነው፤ የሚሸፍነውም ከተማይቱ ከተቆረቆረች ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1910 ያለውን ዘመን ብቻ ነው። ሃያ አራት ዓመት ይዞ መጽሐፍ ሙሉ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ሲወርዱ በ1879 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈር እንዴት ቀስ በቀስ ከተማ እንደሆነ፣ የማገዶ እጦት ዋና ከተማነቱን ወደ አዲስ ዓለም ሊወስደው ጥቂት ቀርቶት ሳለ ባሕር ዛፍ እንዴት እንደደረሰለት፣ ገበያውና መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር ደራሲው በትዕግሥት ይተርካል። ሥራው ከዶክትሬት ጥናት የተወለደ መሆኑ ግን ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ እውቀቱ ብዙ ነው፣ ሙቀቱ ትንሽ።

ከጎኑ የተቀመጠው ጥራዝ የመቶኛው ዓመት ጉባኤ ነው። በኅዳር 1979 ዓ.ም. የከተማይቱን ልደት ምክንያት በማድረግ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ የቀረቡት ጥናቶች ናቸው የተሰበሰቡበት። ሁሉም ጽሑፍ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ለስብሰባ ያህል የተጻፈ ይመስላል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ቀደምት ሰፈሮች ያቀረቡት ጽሑፍ ግን ብቻውን ጥራዙን ያስከብረዋል። ከተማችን በዕቅድ የተዘረጋች ሳትሆን በጦር ሰፈር ሥርዓት የተሰባሰበች ናት። መኳንንቱ በየጉብታው ላይ ሰፈሩ፤ ሎሌውና ወታደሩ በዙሪያቸው ጎጆውን ቀለሰ፤ ጌታው ሲያልፍ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። የደጃች ውቤ ሰፈር እንዲህ ነው የሆነው። ሌላው በሥራው ተጠራ፤ ሠራተኛ ሰፈር እንደሚባለው። ሌላው ደግሞ በመጣበት አገር ወይም በወገኑ፤ ጎፋ ሰፈር፣ ዶርዜ ሰፈር፣ አርመን ሰፈር። በዚህ አከፋፈል ወሎ ሰፈር የት እንደሚውል ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ነገር ግን ጽሑፉ ስለ ቀደምቶቹ ነው፤ የእኛ ሰፈር ኋላ መጥ ናት።

ከሁሉ ይልቅ ዐይን የሚስበው የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና የፎቶግራፍ ባለሙያው የዴኒስ ጄራር ትልቅ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሻማ ቡክስ የታተመ ሲሆን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ነው፤ ከ1886 እስከ 1941 ድረስ የተሠሩትን የከተማይቱን ቤቶች ያስጎበኛል። የቀድሞዎቹ ፎቶግራፎች፣ የእንጨት በረንዳዎቹ፣ ደረጃዎቹ፣ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ከአገሬው ግንበኛ እጅ ጋር የተዋሐደበት አሠራር፣ ሁሉም እንደ ብርቅ ዕቃ ተይዟል። ይህን መጽሐፍ የገለጠ ሰው ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም በሆነው በራስ ብሩ ቤት አጠገብ ሲያልፍ እንደ ቀድሞው አንገቱን ደፍቶ አያልፍም። እኔም ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ነው የማልፈው።

ቅሬታዬ ከበረንዳው ላይ የሚነሣ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ሁለተኛ ሕይወት ጀመሩ። የአንድ መኳንንት አዳራሽ በጣውላና በኮምፔንሳቶ እየተከፋፈለ የብዙ ቤተሰብ ማደሪያ ሆነ። በረንዳው ላይ ከሰል ተቀጣጠለ፤ ልጆች ተወለዱበት፤ ልብስ ተሰጣበት። የሥነ ሕንጻ ሰው ይህን ጉዳት ነው የሚለው፤ ልክ ነው፣ ለእንጨቱ ጉዳት ነው። ለከተማ ባህል ግን ይህም ታሪክ ነው፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ሰው የሚገኝበት ታሪክ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. 1941 ላይ ቆሟልና ይህን ዋና ጉዳዩ አላደረገውም።

የሚሌና ባቲስቶኒና የጃን ፓኦሎ ኪያሪ የጉብኝት መምሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አንባቢውን ይዞ በእግሩ ያዞረዋል። ደስ ይላል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ከፊሉ ከፈረሰ ወዲህ ግን መጽሐፉን ይዞ የሚዞር ሰው አልፎ አልፎ መሪው ወዳመለከተው ስፍራ ደርሶ ባዶ ቦታ ወይም አዲስ የእግረኛ መንገድ ይጠብቀዋል። ደራስያኑ ሳያስቡት የቅርስ መዝገብ ጽፈው ኖሯል።

ለሰፈሬ ይበልጥ የሚቀርበው የዶክተር ጌታሁን በንቲ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ፍልሰትና ስለ አዲስ አበባ ብዝኀነት የተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ። ገጠሬው ለምን መጣ? ከየት መጣ? ከተማይቱስ ምን አድርጋ ተቀበለችው? ጥያቄዎቹ የእኛ ጥያቄዎች ናቸው። በድምዳሜው ሁሉ ባልስማማም ከተማን ከቤተ መንግሥትና ከሕንጻ አላቆ ከመጪው ሰው አንጻር ማየቱን አከብርለታለሁ። እርሱም ግን ከእ.ኤ.አ. 1941 ተነሥቶ 1974 ላይ ይቆማል።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። አንዱ 1910 ላይ ቆመ፤ አንዱ 1941 ላይ፤ አንዱ 1974 ላይ። ሁሉም ወሎ ሰፈር ሳይደርሱ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» እንደሚል የታክሲ ረዳት ተሳፋሪያቸውን መንገድ ላይ ያራግፋሉ። ሁሉም ደግሞ በባዕድ ቋንቋ ነው የሚያሳፍሩት። የታሪክ ሰው የሚቆምበት ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ ሰነዱ እስካለበት ይሄዳል፤ ዘመኑ ሳይበርድ መፍረድንም ይፈራል። ይሁን። ነገር ግን የከተማይቱ ምሥራቅ ከተማ የሆነው በአብዛኛው እነርሱ ከቆሙ በኋላ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ በ1950ዎቹ ሲከፈት መንገዱ በገጠር መካከል ያልፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዋጁ መጣ፣ ቀበሌው መጣ፣ እድሩ ተቋቋመ፤ ከጎተራ የሚመጣው የኢትዮ-ቻይና የወዳጅነት ጎዳና ከአፍሪካ ጎዳና ጋር ወሎ ሰፈር ላይ ተገናኘ፤ መስተዋት የለበሱ ፎቆች በቆርቆሮ አጥር ቦታ ተተኩ፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱን በዚሁ በቦሌ መንገድ አሳለፈ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነው። ያንን ዕድሜ የኖሩ ሰዎች ደግሞ ከየሰፈራቸው እየተነሡ ከተማ ዳር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች እየተበተኑ ነው። ሰነድ የለም የሚባለው እንግዲህ ሰነዱ በእግሩ እየሄደ ስለሆነ ነው።

በአማርኛ ስለ ከተማይቱ የተጻፈ የለም ወይ? አለ፤ ከመደርደሪያው ሁሉ የወደድኩትም እርሱ ነው። የብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የትዝታ መጽሐፍ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ይባላል፤ በ1999 ዓ.ም. ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ። ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. «ካየሁትና ከሰማሁት» ብለው የጻፉት ነው። ይህን «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። ጸሐፊው የአገሪቱን ታላላቅ ጉዳዮች ሁሉ ያወሳሉ፤ የምኒልክን ሕመምና ሞት፣ የልጅ ኢያሱን ነገር፣ የሰገሌን ጦርነት። ስለነዚህ ሌሎችም ጽፈዋል። የእርሳቸው ልዩነት፣ ታላቁን ነገር ሲጽፉ የቆሙበትን ቦታ አለመርሳታቸው ነው። ወሬው ከየት እንደተሰማ፣ ሰው እንዴት እንደተቀበለው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤቱ ምን እንደሆነ ይናገራሉ። ዋና ከተማ ማለት የመንግሥት መቀመጫ ብቻ ሳይሆን ወሬ የሚፈላበት ቦታም መሆኑን ከእርሳቸው በላይ ያሳየኝ የለም።

የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን የጻፉበትን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዓለም ወረርሽኝ ነበር፤ ሌላው ዓለም የእስፓኝ ጉንፋን ብሎታል። የሕክምና ታሪክ ስለ እርሱ ብዙ ያውቃል። ከተማ በበሽታ ተይዛ ስትተኛ ምን እንደምትመስል፣ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ማን ለማን ውኃ እንደሚያቀብል ግን የዐይን ምስክር ነው የሚያውቀው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል፣ ሰፈሩ ሁሉ ጢስ በጢስ ሲሆን፣ ልጆች «ለምንድነው?» ይሉናል። «ኅዳር ሲታጠን ነው» ብለን እናልፋለን። መልሱ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለ። በነገራችን ላይ የመርስዔ ኀዘን አማርኛ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። ሰዋስው የጻፉ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ዐረፍተ ነገራቸው አይንጠራራም፤ አጭር ነው፣ ጨዋ ነው፣ የሚያሳዝነውን ነገር ሲናገር ድምፁን አያነሣም። የዛሬ የትዝታ ጸሐፊዎች ከእርሳቸው ቢማሩ ግማሹን ቅጽል ይተዉ ነበር።

ልቦለዱስ? የአማርኛ ልቦለድ ከተማይቱን አልዘነጋትም። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» የተማረውን ከተሜ ጭንቀት አሳይቷል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት ያለ ይሉኝታ ጽፎታል። ነገር ግን የልቦለዱም እግር ብዙ ጊዜ ከአራዳ አይርቅም። ከተማ ሲባል ፒያሳ፣ ፒያሳ ሲባል ትዝታ፤ ይህ ልማድ ሥር ሰዷል። የመሐመድ ሰልማን «ፒያሳ ማህሙድ ጋ ጠብቂኝ» እንኳ፣ ስለ ዛሬዋ አዲስ አበባ ከተጻፉት ሁሉ ጆሮው ለመንገድ ወሬ የቀረበና እያሳቀ የሚያሳዝን መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ ቀጠሮውን የያዘው በርዕሱ ላይ እንደምናየው ፒያሳ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ የከተማይቱ ግማሽ ሕዝብ እዚያ ነበር የሚቀጣጠረው። ሌሎቻችንም ግን የምንቀጣጠርበት ቦታ ነበረን።

እ.ኤ.አ. በ2020 በመዓዛ መንግሥቴ አዘጋጅነት አሜሪካ አገር የታተመው የአዲስ አበባ «ኑዋር» መድበል በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ይዟል። ዐሥራ አራት ታሪኮች አሉት፤ እያንዳንዱም በአንድ ሰፈር ስም ተሰይሞ ቀርቧል። አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ሥዩም፣ ሌሊሳ ግርማና ሌሎችም አሉበት። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ከተማን በየሰፈሩ መቁጠር። ሆኖም መድበሉ በዓለም ዙሪያ ለልዩ ልዩ ከተሞች ከተዘጋጁት ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ጨለማው አስቀድሞ በትእዛዝ የመጣ ነው፤ ደራሲው ይፈልገውም አይፈልገው ወንጀልና ሞት ማቅረብ አለበት። ጥሩዎቹ ታሪኮች ትእዛዙን ረስተው የጻፉት ናቸው። ይህም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው የወጣው፤ ስሙ የተጠራለት ሰፈርተኛ ስሙ መጠራቱን ሳይሰማ ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከአጠገቤ ተቀመጠች። የሰፈርሽን ታሪክ ጽፈሽ ነዪ ተብላ ኖሮ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠየቀችው፤ እርሱም በቅን ልቡ የጋሬትሰንን መጽሐፍ አወጣላት። ልጅቱ ከጀርባ ያለውን የስሞች ማውጫ ከላይ ወደ ታች በጣቷ እየተከተለች ፈለገች። ከዚያም ዘወር አለችና «ጋሼ፣ ወሎ ሰፈር በእንግሊዝኛ ሌላ ስም አለው እንዴ?» አለችኝ። የለውም አልኳት። ሰፈር ውስጥ የቆዩ እናቶችን ብትጠይቅ እንደሚሻላትም ነገርኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሯን ይዛ መጣች። የጻፈችውን እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ነው ያነበብኩት፤ እንደዚያው ልተቸው። ድክመቱ ዓመተ ምሕረት የሌለው መሆኑ ነው። «ድሮ» ይላል፤ ከዚያ «ከድሮ በፊት» ይላል። የሰፈሩን ስም አመጣጥ በሁለት መንገድ አስፍራለች፤ አንዷ ሴትዮ ከ1966ቱ የወሎ ረኀብ ጋር ያያይዙታል፣ ሌላኛዋ ደግሞ ረኀቡ ሳይመጣ ወሎዬዎች እዚህ ነበርን ይላሉ። ልጅቱ ሁለቱንም ጽፋ አንዳቸውንም አልሰረዘችም። ብዙ የታሪክ ሰዎች ይህን ጨዋነት የላቸውም። ጥንካሬው ግን ሌላ ቦታ ነው። ለኅብረት ሱቅ ስኳር ሌሊት ወረፋ ሲያዝ ሰው ይቆምበት የነበረው በድንጋይ ተተክቶ እንደነበር፤ ድንጋዩን ያነሣ ሰው በሰፈሩ ምን ስም ይወጣለት እንደነበር፤ በሰዓት እላፊ ምጥ የያዛት ሴት በማን በር እንደወጣች፤ ክረምት ሲገባ ጫማ በፌስታል ተይዞ እስከ አስፋልቱ በባዶ እግር ይኬድ እንደነበር፤ የእድሩ ድንኳን ማን ቤት ይቀመጥ እንደነበር። ዐሥራ አንድ ገጽ ናት። መደርደሪያው ላይ ካሉት መጻሕፍት በአንዳቸውም ውስጥ ያላገኘሁትን ወሎ ሰፈር ያገኘሁት በዚህች ደብተር ነው። ከመርስዔ ኀዘን ጋር ዝምድና አላት፤ «ካየሁትና ከሰማሁት» ናት።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ሌላ ከተማ ውስጥ ተሞክሯል። ረሻድ ኤክረም ኮቹ የተባለ ቱርካዊ የታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1944 የኢስታንቡልን ኢንሳይክሎፔዲያ ጀመረ። ሱልጣኖቹንና መስጊዶቹን ብቻ አይደለም የመዘገበው፤ ቀጫጭን መንገዶችን፣ ቡና ቤቶችን፣ እሳት አጥፊዎችን፣ የሰፈር ጉልቤዎችን ሁሉ በፊደል ተራ አሰለፋቸው። ገንዘብ አልቆበት ተወው፤ በ1958 እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በ1973 «ጂ» ፊደል ላይ ሲደርስ ቆመ። ኦርሃን ፓሙክ ስለ ኢስታንቡል በጻፈው የትዝታ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ሰው በፍቅር ያነሣዋል። ሳይጠናቀቅ የቀረ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ያለው የኢስታንቡል ሰው በእርሱ ውስጥ አለ። እኛ ከ«ሀ» ብንጀምር «ወ» እስክንደርስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ በበኩሌ ከ«ወ» ቢጀመር ደስታውን አልችለውም። ወሎ ለአገሪቱ ሙዚቃ ባቲንና አምባሰልን የቅኝት ስም አድርጎ ሲሰጥ፣ በአዲስ አበባ የተረፈው «ወራጅ አለ» የሚባልበት ፌርማታ መሆኑ አይበቃም።

ወጪው ከባድ ነው የሚል ይኖራል። የቀለም ፎቶግራፍ ያለው መጽሐፍ ማሳተም በእርግጥ ከባድ ነው። ደብተር መቀበልና ማስቀመጥ ግን ምን ይከብዳል? ቤተ መጻሕፍት የታተመ ብቻ ነው የሚይዘው ያለ ማነው? የአገራችን የመጻሕፍት ቤት ከማተሚያ ቤት በፊት በብራና የሞላ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሁሉም መጽሐፍ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያው ላይ የአንባብያን አስተያየት መቀበያ መዝገብ አለው። ሁለት ነገር ጻፍኩበት። አንደኛው፣ የመርስዔ ኀዘን መጽሐፍ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ ለንባብ ክፍል ብቻ ስለሚያገለግል፣ በውሰት ቤት ድረስ የሚወሰድ ሌላ ቅጂ እንዲገዛ ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪዎች ስለየሰፈራቸው የሚጽፏቸው ደብተሮች ተመርጠው፣ ተጠርዘው፣ ከእነዚያ ትላልቅ መጻሕፍት ጎን እንዲቀመጡ። ሠራተኛው ሁለቱንም አነበበና የመጀመሪያውን ይቻላል አለኝ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆየ። «ጋሼ፣ ደብተር በስንት ቁጥር ይመደባል?» አለኝ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የተጻፈ ሁሉ እዚያ ቤት በ963 እንደሚመደብ አይቼ ነበርና 963 አልኩት። ከጎኑ በእርሳስ «ይጠየቅ» ብሎ ጻፈበት።